ሰንጢና ባለእጁ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ በኪሱ ወይም በወገቡ ይዞት የሚወጣው ዕቃ ስለ ዘመኑ፥ ስለ ሥራውና ስለሚፈራው ነገር ብዙ ይናገራል። የዛሬው ሰው ስልኩንና ቁልፉን ይዞ ይወጣል። ከርሱ በፊት የነበረው ትውልድ ሰዓቱንና ብዕሩን ይዞ ይወጣ ነበር። ከዚያም በፊት የነበሩት አባቶች ግን፥ ባላገርም ሆኑ መኳንንት፥ መንገደኛም ሆኑ ጸሐፊ፥ አንድ ስለት ያለው ነገር ሳይዙ ከደጃቸው የሚርቁበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከስለቶች ሁሉ ታናሹን ነው፤ ይኸውም ታጥፎ ወደ እጀታው የሚገባውና በኪስ የሚያዘው ሰንጢ፥ እንዲሁም የርሱ ታላቅ ወንድም የሆነው በአፎት የሚያዘው ካራ ነው።

ስለ ታላላቆቹ ስለቶች የተነገረውና የተጻፈው ብዙ ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጐበጠ በመሆኑ ጫፉ ከጋሻ ጠርዝ አልፎ ባለጋራን እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ መሆኑን፥ ኢትዮጵያዊው ተዋጊም ጋሻውን በግራ እጁ ስለሚይዝ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ በኩል ይታጠቅ እንደ ነበር የውጭ አገር ተጓዦች እየተደነቁ ጽፈዋል። በሁለት ወገን የተሳለውና ጐበጥ ያለው የአፋሩ ጊሌም በወገብ ፊት ለፊት የሚታጠቅ የወንድነት ምልክት ሆኖ ስሙ በዓለም ተሰምቶአል። ካራና ሰንጢ ግን ለጌጥ የማይታሰቡ፥ ከሥራ ጋራ የሚውሉና የሚያድሩ ስለ ሆኑ የዜና መዋዕል ጸሐፊ አላስታወሳቸውም። ሆኖም ዜና መዋዕሉን የጻፈበትን ብርዕ የቀረጸው በካራ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። የቀድሞው ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ሥራው ሁሉ የስለት ሥራ ነበር። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ጠጉሩና ሥጋው በስለት ይፋቃል፤ ብራናው ከደረቀ በኋላ በልኩ ይቈረጣል፤ መቃው ተመርጦ በሰያፍ ይቀረጻል፤ ቀለም እንዲይዝም ጫፉ ይሰነጠቃል። መቃው በጽሕፈት ብዛት ሲደንዝ እንደ ገና ይቀረጻል። የተሳሳተ ቃል በተገኘ ጊዜም ጸሐፊው በካራው ጫፍ ብራናውን በቀስታ ፍቆ ስሕተቱን ያነሣና በዚያው ቦታ ላይ ትክክለኛውን ይጽፋል፤ በየገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ይህን የፍቀት ፋና ያገኘዋል። በእንግሊዝ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነበር። እንግሊዞች ትንሹን የኪስ ስለት እስከ ዛሬ ድረስ «የብዕር ካራ» ብለው የሚጠሩት አባቶቻቸው የዝይ ላባ እየቀረጹ ይጽፉበት ስለ ነበር ነው። ላባው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን ከስለቱ ጋራ ቀርቶአል። የእኛም ተማሪ እርሳሱን በሰንጢ ወይም በምላጭ ሲቀርጽ ሳያውቀው የዚያን ጸሐፊ ሥራ ይሠራ ነበር።

ካራ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ማዕድም ይገባል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1769 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፥ ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል በተናገረ ጊዜ የለንደን ሰዎች አላመኑትም፤ ተሳለቁበትም። ቁርጥ የሚበላው ሰው ሥጋውን በጥርሱና በግራ እጁ ወጥሮ፥ ካራውን ከአፍንጫው በጥቂት ጣት ርቀት ላይ አሳልፎ ሲቈርጥ ላላየ ሰው ነገሩ በእርግጥ የማይታመን ነው። በዚህ ሥራ የደነዘ ካራ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የደነዘው ይንሸራተታልና። ስለዚህ ካራ መሳል ማወቅ የአንድ ጐልማሳ ሙያ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

መንገደኛውስ? እሾህ ማውጫውን ወረንጦና ካራውን ሳይዝ ሩቅ አገር አይሄድም። እረኛው ዱላውን የሚያለሰልሰው፥ ዋሽንቱን የሚበሳው፥ ጠፍሩን የሚቈርጠው በካራ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ አራስ ሴት እስክትነሣ ድረስ ከራስጌዋ ካራ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ክፉ መንፈስና ክፉ ዐይን ብረትን ይፈራል ተብሎ ስለሚታመን ነው። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአዲስ አበባ በልደታ፥ ከመርካቶም ከተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትም በእግር በሚደረስበት በጌጃ ሰፈር፥ ካራና ሰንጢ መሰብሰብና መያዝ የሚወዱ ጥቂት ወዳጆች ነበሩን። እሑድ ከቀትር በፊት ቡና ላይ ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ በሳምንቱ ይዞት የዋለውን ያወጣል። ሥርዐት ነበራቸው። ሰንጢ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ታጥፎ ነው፤ ካራም የሚሰጠው እጀታው ወደ ተቀባዩ ዞሮ ነው፤ የሰው ስለት በጥፍር አይሞከርም፤ ሎሚ ወይም ሽንኩርት የቈረጠ ስለት ሳይጠረግና ዘይት ሳይቀባ ወደ ኪስ አይመለስም። ከማኅበሩ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ የምንላቸው ሰው ታዲያ፥ ሰንጢ ይዞ የሚሸልል ሰው ካራ የማያውቅ ሰው ነው ይሉ ነበር። እንዲህ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን የሰንጢ ስም ከዱርዬ ስም ጋራ ተያይዞ ክፉኛ ጠቍሮአል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በርና በየበዓሉ አደባባይ ስለት የያዘ ሰው በፍተሻ ይያዛል፤ መያዙም ተገቢ ነው። ስለዚህ እነዚህ ወዳጆች ከቤት የሚያወጡት ትንሹንና የማያስፈራውን፥ ብርቱካን ለመላጥና ሲባጎ ለመቍረጥ የሚበቃውን ብቻ ነበር።

ስለ ባሕር ማዶዎቹ ሰንጢዎች ያላቸው ዕውቀት የሚያስገርም ነበር። አንዱ የስዊሱን ቀይ ሰንጢ ያወጣና ታሪኩን ይዘረዝራል፤ ካርል ኤልሰነር የተባለው ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. የካራ መሥሪያ ቤት ማቋቋሙን፥ በ1891 ዓ.ም. ለስዊስ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረቡን፥ በ1897 ዓ.ም. ደግሞ የመኰንኖቹን ሰንጢ ማውጣቱን፥ እናቱ ቪክቶሪያ በሞተች ጊዜም ፋብሪካውን በስምዋ መሰየሙን ይናገራል። ሌላው የፈረንሳይ ሳቮይ አገሩን ዦዜፍ ኦፒኔልን ያነሣል፤ እርሱም በ1890 ዓ.ም. በእንጨት እጀታ የሠራው ቀላል ሰንጢ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ ዛሬም ይሸጣል። ሦስተኛው ኦካፒ የተባለውን ያሳያል፤ ይህም በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ መሠራት የጀመረ፥ በኋላም ሥራው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተዛወረ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ የአገር ቤት ካራ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ አፎቱ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ነው፤ ስለቱ ብዙ ጊዜ ከመሳሉ የተነሣ ቀጥኖአል፤ ሚዛኑም ከስዊሱ የሚያንስ አይደለም። «ይህስ የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቤቱ ዝም ይላል። ምናልባት ከወሎ ይሆናል ይላል አንዱ። የአያቴ ነበር ይላል ባለቤቱ። የማን እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ማን እንደ ሠራው ግን አይታወቅም።

ይህ የእነዚያ ወዳጆች ስንፍና አይደለም። የአገራችን ካራ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪ ምልክት የለውም። በሌላው ዓለም ነገሩ የተለየ ነበር። በሸፊልድ አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1624 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ የካራ ሠሪዎች ማኅበር ቆሞአል፤ ከተግባሩም አንዱ የእያንዳንዱን ሠሪ ምልክት በመዝገብ ጽፎ ሌላ ሰው እንዳይሰርቀው መጠበቅ ነበር። የጃፓን ሰይፍ ሠሪ በእጀታው ውስጥ በሚደበቀው የብረት ጭራ ላይ ስሙን ይቀርጻል፤ ስለዚህ ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው ሰይፍ እጀታው ሲወልቅ የአባቱን ስም ይናገራል። የዞሊንገን ሰዎች ደግሞ የከተማቸውን ስም ሳይቀር ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ አስጠብቀዋል፤ በዚያ ያልተሠራ ስለት በዚያ ስም አይሸጥም። ስም ገንዘብ ነው፤ ስም ዋስትናም ነው፤ ካራው ቶሎ ቢሰበር የሚያፍር ሰው አለ ማለት ነውና።

ለእኛ ሠሪ ግን ስሙ ዕዳ ነበር። እርሱን የምንጠራበት ቃል ራሱ ታሪኩን ይነግረናል። ጠይብ የሚለው ቃል የወጣው በግእዝ ጠቢብ ከሚለው ነው፤ ጠቢብ ማለት ደግሞ ዐዋቂ፥ ብልህ ማለት ነው። ንጉሡ ሰሎሞን የተመሰገነበት ቃል ብረት ቀጥቃጩ የሚሰደብበት ቃል ሆኖ ቀረ። ባለእጅም እንዲሁ ነው፤ እጅ ያለው፥ እጁ የሚሠራለት ማለት ሲሆን ቃሉን በንቀት ድምፅ እንጠራዋለን። በኦሮምኛ ቱምቱ ይባላል፤ በየክፍለ ሀገሩም የየራሱ ስም አለው፤ ዕጣው ግን በብዙው ቦታ ተመሳሳይ ነበር። ባለርስቱ ልጁን አይድርለትም፤ በብዙ ስፍራ ርስት አይደርሰውም፤ ቤቱ ከመንደሩ ገለል ብሎ ይሠራል። ከዚህም ሁሉ የከፋው ቡዳ መባሉ ነው። ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፥ በዐይኑም ሰው ይበላል ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1843 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በአገራችን የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ ሰፊ ስፍራ ከሰጣቸው አንዱ ይህ ወሬ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ አሁን ወደ አራስዋ እንመለስ። ከራስጌዋ የተቀመጠው ካራ የቡዳውን ዐይን እንዲመልስ ነው፤ ካራውን የሠራው ግን ያው ቡዳ የተባለው ሰው ነው። ሕፃኑን ከርሱ የምንጠብቀው በእጁ ሥራ ነበር። በሬውን የምናርድበት፥ እርሻውን የምናርስበት ማረሻ፥ እህሉን የምናጭድበት ማጭድ፥ አገር የተጠበቀበት ጦር ሁሉ የርሱ ሥራ ሆኖ ሳለ በማዕዱ ዙሪያ ቦታ አልነበረውም። አንድ ሰው በእንዲህ ያለ አገር ተወልዶ በሠራው ካራ ላይ ስሙን ቢቀርጽ የሚያተርፈው ምንድን ነው?

ይህ ልማድ አገሪቱን ምን ያህል እንደ ጐዳት ታሪካችንን ተከትሎ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ የግሪክ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ዕቃዎች ሲቈጥር ትንንሽ መጥረቢያዎችን፥ ጠረቦችንና ስለቶችን ይጠቅሳል፤ ለዝሆን አደንና ለጦርነት ጦር የሚሠራበት ብረትም፥ ከሕንድ አገር የሚመጣ ብረትና ጠንካራ ብረትም ይገባ እንደ ነበር ይናገራል። እንግዲህ የአክሱም ዘመን ቀጥቃጮች የባሕር ማዶውን ብረት ተቀብለው የአገራቸውን ጦር ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ብረትን ከአፈር የማቅለጥ ዕውቀትም በአገራችን፥ ይልቁንም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፥ ብዙ ዘመን ኖሮአል።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሥታቱ ባለእጅ በፈለጉ ጊዜ ዐይናቸው ወደ ውጭ ይመለከት ጀመር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ ከለመኑአቸው ሰዎች መካከል ሥዕልና መጽሐፍ የሚሠሩ፥ ሰይፍና የጦር መሣሪያ የሚያበጁ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. በዚያ ተሠርቶ፥ መንገድ እየተጠረገለት በብዙ ሰው ጕልበት እስከ መቅደላ ተጐትቶ ሄደ፤ ዛሬም በዚያው አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ለእጅ ሥራ የነበራቸው ፍቅር ከዘመናቸው የቀደመ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን የዋልድማየርና የጓደኞቹ ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ፥ በዚያው እቶን አጠገብ ወናፍ የነፉትና ብረት ያቀለጡት የአገር ልጆች ስም በዚያ ልክ አልተጻፈም። የእኔ አስተያየት እንደሆነ፥ የጋፋት ታሪክ የጐደለው ግማሽ ይህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን ከሥሩ ለመንቀል ሞክረዋል። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን የሚሰድብ ሰው በእስራት እንደሚቀጣ አስታወቁ፤ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ዘር መሆኑንም ምክንያት አድርገው አስረዱ። ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩት ባለሙያዎች የሰፈሩበት የአዲስ አበባ መንደር እስከ ዛሬ ሠራተኛ ሰፈር ይባላል። ይህ ታላቅ ዐዋጅ ነበር። ዳሩ ግን ዐዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም።

በዚያው ዘመን ደግሞ ሌላ ነገር ደረሰ። ለመኳንንቱ የሚሆነው ጎራዴ የአንበሳ ሥዕልና የአማርኛ ጽሑፍ እየተቀረጸበት ከአውሮፓ፥ ይልቁንም ከዞሊንገን፥ በብዛት ይመጣ ጀመር። አማርኛ የማያውቅ የጀርመን ቀራጭ ፊደላችንን በብረት ላይ ሲቀርጽ፥ የአገሩ ቀጥቃጭ ግን እጀታ በመግጠምና አፎት በማዘጋጀት ብቻ ተወሰነ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህማ መቀሱም፥ ምላጩም፥ ሰንጢውም በሣጥን ይገባ ጀመር። ከተሜው በሰንጢው ደስ አለው፤ ርካሽ ነው፥ በኪስ ይገባል፥ ያብረቀርቃል። ከዚህም ሌላ አንድ የማይነገር ጥቅም ነበረው ብዬ እገምታለሁ፤ ይኸውም የሠራውን ሰው ዐይን ዐይኑን ማየት የማያስፈልግ መሆኑ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፥ በምዕራፍ 13፥ በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ሠሪ እንዳልተገኘ፥ ሕዝቡም ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበር ተጽፎአል። እነዚያ ሠሪ ያጡት ጠላት ከልክሎአቸው ነው። እኛ ግን ሠሪው ከአጠገባችን ሳለ በራሳችን ምላስ አራቅነው።

አንባቢ የዚህን ሰው ሥራ አይቶ ያላወቀ እንደሆነ ጥቂት ልግለጽለት። ቀጥቃጩ ከሰሉን አቀጣጥሎ ከቆዳ በተሠሩት ሁለት ወናፎች ያለ ማቋረጥ ያነፋል፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል። ብረቱ ቀይ ሆኖ ወደ ብርቱካንማ ሲለወጥ በጕጠት አውጥቶ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል። ሙቀቱን የሚለካው በዐይኑ ነው፤ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ብረቱ ይቃጠላል፥ ያነሰ እንደሆነ ይሰነጠቃል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ እንደ ገና አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ በዚህ ጊዜ ብረቱ ይጠነክራል፥ ነገር ግን እንደ መስተዋት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ጥንካሬውን ለማለዘብ በለስላሳ እሳት መልሶ ያሞቀዋል፤ ያን ጊዜ በተወለወለው ስለት ላይ ቀለም ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ገለባማ፥ ቀጥሎ ቡናማ፥ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ በልኩ ሲደርስ ብረቱን ከእሳቱ ያወጣዋል። ይህን ሁሉ በኬሚስትሪ መጽሐፍ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ ማንበብና መጻፍ ያልተማረው ቀጥቃጭ ግን ከአባቱ ወርሶ ያውቀዋል። በዛሬው ጊዜ በመርካቶና በየገበያው አካባቢ የሚሠራበት ብረት አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ ምርጫውም ትክክለኛ ነው፤ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ የሚጐብጥና የሚመለስ ብረት ለስለትም ይሆናልና።

የዚህ ዕውቀት አንዱ ትልቅ ወገን ከአገራችን የወጣው በእኛው ዘመን ነው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ከእርሻው ጋራ ብረት ቀጥቃጭነትንና ሸክላ ሥራን ይዘው ኖረዋል፤ የብዙ አውራጃ ማረሻና ካራ ከእነርሱ እጅ የወጣ ነበር፤ የቡዳነቱም ስም በእነርሱ ላይ ከብዶ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፥ ሁለተኛው ጕዞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፥ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ሃይማኖታቸውና ናፍቆታቸው እንደ ሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ወናፉን ያወረሱት የጎረቤት ልጅ ስንት ነበር? ቀጥቃጭነትን የተጠየፈ ጎረቤት ሙያውን ሊማር ወደ ቤታቸው አይገባም ነበርና።

ስለዚህ ካራ መሰብሰብ ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ ነገር አይመስለኝም። በአዲስ አበባ የቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋራ የየአገሩን ልማድ መጻፍና ዕቃውን መሰብሰብ የጀመሩት በ1940ዎቹ ነበር፤ የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያን ጊዜ የደከመበት ሥራም በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መሠረት ሆኖአል። ዛሬ በስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፥ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰበውን የሥራና የጦር ዕቃ ማየት የሚችል ተማሪ ባለ ዕድል ነው። አንድ ዕቃ ወደ ሙዚየም ሲገባ የሚጻፍለት የመጣበት አገርና የሚያገለግልበት ሥራ ነው። የሠሪው ስም የሚጻፍበት መስመር በዓለም ሙዚየሞች ሁሉ፥ ለአፍሪካ ዕቃ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሥዕል ከሆነ ሠዓሊው ይፈለጋል፤ ካራ ከሆነ ግን ሕዝቡ ይጠቀሳል፤ አንድ ሕዝብ በሙሉ አንድ መዶሻ ይዞ እንደ ሠራው ያህል።

ተግባረ ዕድ የሚባለው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች የእጅ ሥራ ማለታቸው ነበር፤ የባለእጅን ስድብ በግእዝ አጥበው ለመንግሥት ትምህርት ቤት በር የሰጡት ይመስለኛል። በጌጃ ሰፈርና በልደታ ያደጉ ብዙ ልጆች ብረት መበየድና መሞረድ በዚያ ተምረዋል፤ አባቶቻቸው ቢሆኑ ኖሮ መዶሻ መያዛቸውን ከጎረቤት ይደብቁ ነበር። ለውጡ እውነተኛ ነው፤ የዘመኑ መካኒክና በያጅ በሠርግ ቤት ከማንም ጋራ ይቀመጣል። በእሳትና በወናፍ የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን አሁንም በዚያ ክብር አልተካፈለም።

የልደታ አሮጌ መንደሮች ለአዲስ ግንባታ እየፈረሱ ሲሄዱ እነዚያ ወዳጆችም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከመበተናቸው አስቀድሞ ግን አንድ ደብተር አበጅተው ነበር። ለእያንዳንዱ ካራ ከየት እንደ ተገኘ፥ ስለቱ ከምን ብረት፥ እጀታውና አፎቱ ከምን እንደ ተሠራ፥ ማን እንደ ሠራው የሚጻፍበት ቦታ ነበረው። ለስዊሱና ለፈረንሳዩ የመጨረሻው ቦታ ወዲያው ተሞላ። ለአገሩ ካራ ጊዜ ቢወስድም መጠየቅ ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ በመርካቶ ከሚሠራ ቀጥቃጭ ከባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካራ ገዝቶ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ስሙን ጠየቀው። ሰውየው ስሙ ለምን እንደሚፈለግ መልሶ ጠየቀ። በደብተር ለመጻፍ ነው ሲሉት ካራው ጥፋት ቢሠራበት ሊከሱት የፈለጉ መስሎት ተጠራጠረ፤ ቀጥሎም የትውልድ አገሩን ሊጠይቁት እንደ ሆነ ጠረጠረና ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ጊዜ ሲመለሱ የክርስትና ስሙን ብቻ ነገራቸው፤ የአባቱን ስም አልነገራቸውም። በደብተሩ ላይ ከብረቱ ዐይነትና ከተገዛበት ዓመተ ምሕረት ቀጥሎ ያ አንዱ ስም ተጽፎአል።